የላላ የፍሬን ፔዳል በደሴ–ኮምቦልቻ ቁልቁለት፦ መንስኤውን መለየትና የአጠጋገን ቅደም ተከተሉ

አጭር መግለጫ

ይህ ጽሑፍ በሃይድሮሊክ ፍሬን በሚሠሩ ቀላልና መካከለኛ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚታየውን የፔዳል መላላት ይመረምራል። ማመሳከሪያው የደሴ–ኮምቦልቻ መንገድ ሲሆን፣ የአሠራር ዘዴው የታወቁ የፊዚክስ ሕጎችን በዚህ መንገድ ከፍታና ቁልቁለት ላይ በስሌት ማዋል ነው። ጽሑፉ ሦስት ነጥቦችን ያስረዳል። አንደኛ፣ ፔዳል የሚላላው የተረገጠበት ጉልበት ፈሳሹን ሳይሆን አየርን፣ እንፋሎትን ወይም የተዳከመ ጎማን ሲጨምቅ ነው። ሁለተኛ፣ ከቁልቁለት በኋላ ላልቶ ሲቀዘቅዝ የሚጠነክር ፔዳል የፈሳሹን እርጅና ያመለክታል። ሦስተኛ፣ ጥገና ዕቃ ከመለወጥ ሳይሆን ምልክትን ከመለየት መጀመር አለበት።

1. መግቢያ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው አውራ ጎዳና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በሐረጎ ተራራማ አካባቢ እየተጠማዘዘ ያልፋል። ከደሴ ሰኞ ገበያ ሰውና ሸቀጥ ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ በዚህ አጭር ርቀት ከደጋ ወደ ወይና ደጋ ቆላማ ጠርዝ ይሸጋገራል። መንገዱ በመካከሉ የሚወጣበት ቦታ ቢኖረውም የተጣራው የከፍታ ልዩነት ከ600 ሜትር አያንስም። ይህን ልዩነት አሽከርካሪው በሞተርና በፍሬን ይሸከመዋል።

በአገራችን እንዲህ ባለ መንገድ ላይ አደጋ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «ፍሬን በጠሰ» የሚል ነው። አነጋገሩ ፍሬን እንደ ገመድ በድንገት የሚቆረጥ ነገር እንደሆነ ያስመስላል። የብረት ወይም የጎማ ቱቦ በእርግጥ ሊበጠስ ይችላል፤ ነገር ግን ምንም ሳይበጠስ ፔዳሉ እስከ ወለሉ የሚሰምጥበት ሁኔታም አለ። በዚህ ጊዜ አስቀድሞ የሰጠው ምልክት ይኖራል፤ ይኸውም የፔዳሉ መላላት ነው። ምልክቱን አንብቦ መተርጎም የሚቻል ከሆነ «ድንገተኛ» የሚባለው ብልሽት ከጉዞ በፊት በጋራዥ ውስጥ ሊገታ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

2. ጠንካራ ፔዳል ለምን ጠንካራ ይሆናል?

የሃይድሮሊክ ፍሬን መሠረት የፓስካል ሕግ ነው፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የተደረገ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል። አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ ማስተር ሲሊንደሩ ፈሳሹን ይገፋል፤ ፈሳሹም በቱቦ ተጉዞ በካሊፐር ያለውን ፒስተን ከዲስኩ ጋር፣ በዊል ሲሊንደር ያለውን ደግሞ ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያገናኛል። ይህ አሠራር ሜካኒካዊውን የገመድና የዘንግ ፍሬን እየተካ የመጣው ከ1920ዎቹ ጀምሮ ነው፤ ዱሰንበርግ የተባለው የአሜሪካ መኪና በ1921 (እ.ኤ.አ.) በአራቱም ጎማዎች የሃይድሮሊክ ፍሬን ይዞ ገበያ ከወጡት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር።

ሥርዓቱ የሚሠራው ፈሳሽ እጅግ ጥቂት ስለሚጨመቅ ነው። በ5 ሜጋ ፓስካል ግፊት የፍሬን ፈሳሽ ከይዘቱ የሚቀንሰው 0.3 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አየር ግን እንዲህ አይደለም። በደሴ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት 75 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። በዚህ ግፊት 1 ሚሊ ሊትር የሚሆን አየር በመስመሩ ውስጥ ቢኖርና በ5 ሜጋ ፓስካል ቢጨመቅ፣ የሙቀት መጠኑ እስካልተለወጠ ድረስ ይዘቱ ወደ 0.015 ሚሊ ሊትር ይወርዳል። ስለዚህ ከፔዳሉ የመጣው 1 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ጎማውን ሳያቆም አየሩን በመጨመቅ ብቻ ይባክናል።

ይህ ብክነት በእግር ምን ያህል እንደሚሰማ ማስላት ይቻላል። የማስተር ሲሊንደሩ ውስጣዊ ስፋት 22.2 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ቢኖረው የፒስተኑ ገጽ 387 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። 1 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ለመግፋት ፒስተኑ 2.6 ሚሊ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት። የፔዳሉ ማብዣ 4 ለ 1 ከሆነ እግር ተጨማሪ 10 ሚሊ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ከሻይ ማንኪያ ሩብ ያልበለጠ አየር በፔዳሉ ላይ የጣት ስፋት የሚጠጋ ባዶ ጉዞ ይፈጥራል።

3. ከፍታና ቁልቁለት የሚጨምሩት ጫና

3.1 የሙቀት ጫና

ተሳፋሪ የሞላ ሚኒባስ በጠቅላላው 2,800 ኪሎ ግራም ይመዝናል ብለን እንውሰድ። 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው እምቅ ኃይል 2,800 × 9.81 × 600 ሲሆን ውጤቱ 16.5 ሜጋ ጁል ያህል ነው። ይህ ኃይል 56 ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ ይበቃል፤ በሌላ አነጋገር ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚጠጋ ውሃ ለመፍላት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ያደርሳል። ከፊሉ በነፋስና በጎማ ሰበቃ፣ ከፊሉ በሞተሩ ይወሰዳል። የቀረው ግን ዲስክና ታምቡር ውስጥ ሙቀት ይሆናል።

የ6 በመቶ ተዳፋት ባለበት ክፍል ይኸው ተሽከርካሪ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲወርድ የቁልቁለቱ ኃይል 18 ኪሎ ዋት ይደርሳል። አሽከርካሪው በዝቅተኛ ማርሽ ከወረደ የዚህ ከፊል ድርሻ በሞተሩ ላይ ያርፋል። ማርሹን ዜሮ አድርጎ ወይም በከፍተኛ ማርሽ ሆኖ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል በሸራና በዲስክ ላይ ይወድቃል። ሙቀቱ ከሸራው ወደ ፒስተኑ፣ ከፒስተኑም ወደ ፈሳሹ ይተላለፋል።

3.2 የፈሳሹ እርጅና

በተለምዶ «የፍሬን ዘይት» የምንለው ፈሳሽ በአብዛኛው ዘይት አይደለም። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 በሚባሉት ደረጃዎች የሚመደቡት ፈሳሾች መሠረታቸው ግላይኮል ሲሆን ባሕርያቸው ውሃን ከአየር መሳብ ነው። እርጥበቱ በማጠራቀሚያው ክዳንና በጎማ ቱቦዎች በኩል በዝግታ ይገባል። የደሴ ክረምት ዝናባማና ጉም የሚበዛበት መሆኑ ይህን አያቀልም።

ደረጃዎቹ የመፍላት ልኩን በሁለት ሁኔታ ይወስናሉ። አዲስ ዶት 3 ከ205 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መፍላት የለበትም፤ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲይዝ ግን ዝቅተኛው ልክ 140 ዲግሪ ነው። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155፣ ለዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180 ናቸው። በመሆኑም አዲስ ሲሞላ ቁልቁለቱን ያለ ችግር የሚሸከም ፈሳሽ ከዓመታት በኋላ በዚያው ቁልቁለት ሊፈላ ይችላል። መልኩ ብቻ ዕድሜውን አይናገርም፤ የጠራ ፈሳሽም ውሃ ሊይዝ ይችላል።

የከፍታው ተጽዕኖም አለ። ውሃ በደሴ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሆነ ሁሉ፣ የፍሬን ፈሳሽም ፔዳሉ ባልተረገጠበት ጊዜ ከተጻፈበት ልክ በጥቂት ዲግሪዎች ዝቅ ብሎ ሊፈላ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ወሳኝ ነጥብ አለ። ፔዳሉ ተረግጦ ሳለ በመስመሩ ውስጥ ያለው ከፍተኛ ግፊት መፍላትን ይከለክላል። እግር ሲነሳ ግፊቱ ይወርዳል፤ የሞቀው ፈሳሽ ያኔ እንፋሎት ይሆናል። አሽከርካሪው በቀጣዩ ጠመዝማዛ ላይ ዳግመኛ ሲረግጥ እግሩ የሚያገኘው እንፋሎቱን ነው። «አሁን ይይዝ ነበር፣ ወዲያው እምቢ አለኝ» የሚለው የአሽከርካሪዎች ቃል ከዚህ አንጻር ሲታይ የተጋነነ አይደለም።

ተሽከርካሪው ቆሞ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ መልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፔዳሉም ይጠነክራል። መካኒኩ ሲደርስ ማስረጃው ጠፍቷል። ስለዚህ «አሁን ደህና ነው» ብሎ ተሽከርካሪውን መመለስ ችግሩን ለሚቀጥለው ቁልቁለት ማቆየት ነው።

3.3 ከላላ ፔዳል ጋር የሚምታታ ሁኔታ

በከፍታ ቦታ የሰርቮ ረዳትነት ይቀንሳል። ሰርቮው የሚሠራው በከባቢ አየርና በቫኪዩም መካከል ባለው የግፊት ልዩነት በመሆኑ፣ የሚሰጠው ከፍተኛ እገዛ በደሴ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። የዚህ ውጤት ግን ጠንካራና ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ ፔዳል እንጂ የላላ ፔዳል አይደለም። ከመጠን በላይ የሞቀ ሸራ የመያዝ ኃይሉን ሲያጣም ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ተሽከርካሪው አይቆምም። እነዚህን ሁለቱን ከፈሳሽ መፍላት ጋር ማምታታት ወደ ተሳሳተ ጥገና ይመራል።

4. ምልክቱን መለየት

ምርመራው ተሽከርካሪው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ጎማው በታኮ ተደግፎ ይጀመራል። የሚከተሉት አምስት ምልክቶች እያንዳንዳቸው ወደ ተለያየ መንስኤ ያመራሉ።

ሀ) ፔዳሉ በተደጋጋሚ ሲረገጥ ከፍ እያለና እየጠነከረ ከመጣ፣ በመስመሩ ውስጥ አየር አለ ወይም የኋላ ታምቡር ሸራ ከታምቡሩ ርቋል። ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ ተጨማሪ ፈሳሽ ከማጠራቀሚያው ወደ መስመሩ ስለሚገባ ክፍተቱን ለጊዜው ይሞላል።

ለ) ፔዳሉ በተመጣጠነ ጉልበት ተይዞ ሳለ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከሰመጠ፣ በውጭ ፍሳሽ አለ ወይም የማስተር ሲሊንደሩ የውስጥ ጎሚኒ ግፊቱን ያሳልፋል። የማጠራቀሚያው መጠን ካልቀነሰና በየትኛውም ጎማ እርጥበት ከሌለ ጥርጣሬው በማስተር ሲሊንደሩ ላይ ያርፋል።

ሐ) ፔዳሉ ጠዋት ጠንካራ ሆኖ ከቁልቁለት በኋላ ከላላ፣ ፈሳሹ አርጅቷል። የሚይዝ የእጅ ፍሬን ወይም የማይመለስ ፒስተን ጎማውን ያለማቋረጥ እያሞቀው ከሆነም ተመሳሳይ ምልክት ይታያል፤ ስለዚህ ከአራቱ ጎማዎች አንዱ ከሌሎቹ ይበልጥ መሞቁ መታየት አለበት።

መ) ፔዳሉ አየር ከወጣለት በኋላም በመጠኑ እንደ ስፖንጅ የሚለጠጥ ከሆነ፣ የጎማ ቱቦዎቹ አርጅተው በግፊት ይነፋሉ። ረዳት ሰው ሲረግጥ ቱቦውን በዓይንና በእጅ መከታተል ይቻላል።

ሠ) የመጀመሪያው ርግጫ ረጅም፣ ሁለተኛው መደበኛ ከሆነና ይህ በተለይ ከጠመዝማዛ ወይም ከጎርባጣ መንገድ በኋላ ከታየ፣ የላላ ኩሽኔታ ወይም የተጣመመ ዲስክ ሸራውን ወደ ኋላ እየገፋው ነው። በዚህ ጊዜ አየር ማስወጣት ምንም አይፈይድም።

ሞተር ጠፍቶ ፔዳሉ ጥቂት ጊዜ ተረግጦ ከጠነከረ በኋላ፣ ሞተር ሲነሳ በጥቂቱ ዝቅ ማለቱ ጤናማ ነው፤ ሰርቮው መሥራቱን ያሳያል እንጂ ብልሽትን አያመለክትም።

5. የአጠጋገን ቅደም ተከተል

5.1 ፍሳሽን ማየት

አየር ወደ መስመሩ የሚገባው በሆነ ምክንያት ነው። መስመሩ ካልተከፈተና ማጠራቀሚያው ካልጎደለ፣ የአየር መኖር በራሱ የሌላ ጉድለት ምልክት ነው። ስለሆነም ከሁሉ አስቀድሞ የቱቦ መገጣጠሚያዎች፣ የካሊፐር ፒስተኖች፣ የታምቡር ውስጥ ክፍልና ማስተር ሲሊንደሩ ከሰርቮው ጋር የሚገናኝበት ጀርባ መታየት አለባቸው። የመጨረሻው ቦታ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ፈሳሹ ወደ ሰርቮው ውስጥ ስለሚገባ መሬት ላይ ጠብታ አይታይም።

5.2 የኋላ ሸራን ማስተካከል

ታምቡር ባለበት ተሽከርካሪ የሸራውን ርቀት ማስተካከል ከአየር ማስወጣት ይቀድማል። በሸራና በታምቡር መካከል ያለ ሰፊ ክፍተት ብዙ ፈሳሽ ስለሚፈልግ የአየር መኖርን ያስመስላል።

5.3 ፈሳሹን መለወጥና አየር ማስወጣት

አየር ማስወጣትና ፈሳሽ መለወጥ በአንድ ሥራ ሊጠናቀቁ ይገባል። አዲሱ ፈሳሽ አምራቹ ያዘዘው ደረጃ ያለውና እስከዚያ ቀን ያልተከፈተ ዕቃ ውስጥ የነበረ መሆን አለበት። የሞተር ዘይት ወይም ሌላ ከነዳጅ የተገኘ ዘይት ፈጽሞ አይጨመርም፤ የፍሬን ጎሚኒዎችን አሳብጦ ሥርዓቱን በሙሉ ያበላሻል። «ዘይት» የሚለው ስም እዚህ ላይ አሳሳች መሆኑን ለተለማማጅ መካኒኮች በግልጽ ማስተማር ያስፈልጋል። ዶት 5 የሚባለው የሲሊኮን ፈሳሽም ስሙ ከዶት 5.1 ጋር ቢቀራረብም ከግላይኮሉ ጋር አይቀላቀልም።

አምራቹ ሌላ ካላዘዘ ሥራው ከማስተር ሲሊንደሩ ከሚርቀው ጎማ ይጀምራል። መሪው በግራ በሆነ ተሽከርካሪ የተለመደው ቅደም ተከተል የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ ነው። በእያንዳንዱ ጎማ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ በአየር ማስወጫው ብሎን ላይ ይሰካል፤ ሌላው ጫፍ ጥቂት ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ረዳቱ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ረግጦ ይይዛል፤ መካኒኩ ብሎኑን ከፍቶ ፈሳሹ ሲወጣ መልሶ ይዘጋል፤ ፔዳሉ የሚለቀቀው ብሎኑ ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። አረፋ ጠፍቶ አዲሱ ፈሳሽ ጠርቶ እስኪታይ ይደገማል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማጠራቀሚያው እንዳይጎድል ሌላ ሰው ወይም ተደጋጋሚ ቁጥጥር ያስፈልጋል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ይጨመሩ። ዕድሜው በገፋ ተሽከርካሪ ፔዳሉን እስከ ወለሉ መርገጥ፣ ፒስተኑ በተለመደው ጉዞው የማይደርስበት ዝገት ያለበት ቦታ ገብቶ ጎሚኒውን እንዲቧጥጥ ያደርጋል፤ ከፔዳሉ ሥር ጣውላ ማስቀመጥ ይህን ይከላከላል። ሁለተኛ፣ ካሊፐር ከተፈታ በኋላ የቀኙ በግራ ከተገጠመ የአየር ማስወጫው ብሎን ወደ ታች ይዞራል። አየር ወደ ላይ ስለሚሰበሰብ ምንም ያህል ፈሳሽ ቢፈስ አይወጣም። ኤቢኤስ ባላቸው ተሽከርካሪዎች በመቆጣጠሪያው ክፍል የቀረ አየር በመመርመሪያ መሣሪያ ታግዞ መውጣት ሊኖርበት ይችላል። የወጣው ፈሳሽ ተመልሶ አይሞላም፤ ቀለም ላይ ከፈሰሰም ወዲያው በውሃ ይታጠባል።

5.4 ዕቃ መለወጥ

ማስተር ሲሊንደር የሚለወጠው በ«ለ» ሥር የተገለጸው ምልክት ሲረጋገጥ ነው። የጎማ ቱቦ የሚለወጠው የተሰነጠቀ፣ ያበጠ ወይም በግፊት የሚነፋ ሲሆን ነው። ከሁሉ ውዱን ዕቃ አስቀድሞ መለወጥ የባለቤቱን ገንዘብ ከማባከኑም በላይ እውነተኛውን መንስኤ በቦታው ይተወዋል።

5.5 ማረጋገጫ

ሞተር ጠፍቶ ፔዳሉ ለ30 ሴኮንድ በጉልበት ይያዛል፤ መስመጥ የለበትም። ከዚያ ሞተር ተነሥቶ ይኸው ይደገማል። ቀጥሎ በሜዳ ላይ በዝቅተኛ ፍጥነት ይሞከራል። ቁልቁለት የመጨረሻው ፈተና እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም።

6. ከፈጣን መኪኖች የሚገኝ ትምህርት

የላላ ፔዳል ጥያቄ በስፋት የተጠናው በፈጣንና በውድድር መኪኖች ዘንድ ነው፤ እነርሱም በአጭር ጊዜ ብዙ ሙቀት ያመነጫሉ። የዲስክ ፍሬን ብልጫ ጎልቶ የታየው ጃጓር በ1953 (እ.ኤ.አ.) በለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ባሸነፈበት ጊዜ ነበር። ዛሬ በዚህ መስክ በብረት ክር የተጎነጎነ ቱቦ፣ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚፈላ ፈሳሽና ወደ ዲስኩ ነፋስ የሚያደርስ መተላለፊያ የተለመዱ ናቸው። ለእኛ ሚኒባስ የሚጠቅመው ግን ውዱ ዕቃ ሳይሆን ልማዱ ነው፤ የውድድር ቡድን ፈሳሹን እስኪያስቸግር አይጠብቅም፣ በየጊዜው ይለውጠዋል። 600 ሜትር ቁልቁለት በቀን ብዙ ጊዜ የሚመላለስ የሕዝብ ማመላለሻም ከተራ የከተማ መኪና ይልቅ በዚህ በኩል ወደ ውድድር መኪና ይቀርባል። አምራቾች በአብዛኛው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የሚሰጡት የመለወጫ ጊዜ ለዚህ መስመር እንደ ጣሪያ እንጂ እንደ መደበኛ ሊቆጠር አይገባም።

7. ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

የላላ ፔዳል አንድ በሽታ ሳይሆን የብዙ በሽታዎች ምልክት ነው። መቼ እንደላላ ማወቅ፣ ማለትም በብርድ ወይስ በሙቀት፣ በመጀመሪያው ርግጫ ወይስ ተይዞ ሳለ የሚለው ጥያቄ፣ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የምርመራውን ግማሽ ይጨርሳል። ስለሆነም፦

መካኒኮች ተሽከርካሪ ሲረከቡ አሽከርካሪውን ስለ ሁኔታው ይጠይቁ፤ የሚሰጠውም መልስ በሥራ ትእዛዙ ላይ ይጻፍ። የተሽከርካሪ ባለቤቶች ፈሳሹ የተለወጠበትን ቀን በማጠራቀሚያው አጠገብ ይለጥፉ። አሽከርካሪዎች ከሐረጎ በፊት ማርሽ ይቀንሱ፤ ፍሬኑን ያለማቋረጥ ከመያዝ ይልቅ ረገጥ አድርገው ፍጥነት ሲቀንስ ይልቀቁ።

ፔዳሉ በቁልቁለት ላይ ቢሰምጥ ሞተሩ አይጥፋ፤ ሰርቮውና መሪው ያስፈልጋሉ። ፔዳሉ በፍጥነት ደጋግሞ ይረገጥ፣ ማርሹ አንድ በአንድ ይውረድ፣ የእጅ ፍሬኑ ቀስ በቀስ ይሳብ፣ ተሽከርካሪውም ወደ ተራራው ወገን ይጠጋ። ከቆመ በኋላ ፔዳሉ ቢጠነክር እንኳ ጉዞው አይቀጥል። የቀዘቀዘ ፍሬን ተጠግኗል ማለት አይደለም፤ ፈሳሹ ያው ነው፣ ቁልቁለቱም ገና አላለቀም።